ቤዚስ ፖይንት፦ የወለድ ለውጥ በምን ይለካ?

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ይህ ጭማሪ «2 በመቶ» ከተባለ ስሌቱ ይፋለሳል፤ የ5 ሁለት በመቶ 0.1 ብቻ ነውና። «40 በመቶ» ከተባለ ስሌቱ ልክ ቢሆንም፣ ወለዱ ራሱ 40 በመቶ የደረሰ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። «200 ቤዚስ ፖይንት» ሲባል ግን ሌላ ትርጉም አይሰጥም። አንድ ቤዚስ ፖይንት የአንድ በመቶ አንድ መቶኛ፣ ማለትም 0.01 በመቶ ነው። መለኪያው የሚነግረን በሁለት ምጣኔዎች መካከል ያለውን ርቀት እንጂ የአንዱን ከሌላው ድርሻ አይደለም።

ርቀቱ በገንዘብ ሲመነዘር ክብደቱ እንደ ዋናው ብር መጠን ይለያያል። 10,000 ብር ላስቀመጠ ሰው አንድ ቤዚስ ፖይንት በዓመት 1 ብር ነው፤ ልብ ላይለው ይችላል። ለአገር ብድር ግን እንዲህ አይታለፍም። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ ያቀረበችው የመጀመሪያው ዩሮቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዕድሜው 10 ዓመት፣ ወለዱም 6.625 በመቶ ነበር። በዚህ መጠን አንድ ቤዚስ ፖይንት በዓመት 100,000 ዶላር ነው። ወለዱ 6.5 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ በ12.5 ቤዚስ ፖይንት ልዩነት ብቻ፣ በአሥር ዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ይቀር ነበር። አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳትከፍል የቀረችው የስድስት ወር ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበርና፣ ይህ ከዚያ ክፍያ ሲሶ በላይ ነው። የቦንድ ተደራዳሪዎች ለአንዲት ቤዚስ ፖይንት ሌሊቱን የሚሟገቱት በከንቱ አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ ለአገር ውስጥ አንባቢም ቀርቧል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ምጣኔው ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ የሚለው ጥያቄ መደበኛ ዜና ነው። ዘጋቢዎቻችን የሁለት ምጣኔዎችን ልዩነት የሚለካውን የመቶኛ ነጥብንና በመቶን ሳይቀላቅሉ እንዲጽፉ አጥብቄ እሻለሁ፤ በተሳሳተ ቁጥር ብድር የሚወስን ነጋዴ አለና።

ሆኖም መለኪያው የምጣኔውን ተገቢነት አይመሰክርም። በ2014 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ ንቅንቅ አላለም፤ ለውጡ ዜሮ ቤዚስ ፖይንት ነው። የዋጋ ንረቱ ግን ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ቆጣቢው የከሰረው በዚህ ከ2,300 ቤዚስ ፖይንት በሚበልጥ ክፍተት ነው።