ምድራዊው ቤት ሲፈርስ፦ ሀብት፣ ሞትና የሰማይ ተስፋ በካዛንቺስና በቂርቆስ ታሪክ

መግቢያ

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው ነባሩ የካዛንቺስ መንደር በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ፈረሰ። ለአሥርተ ዓመታት በአንድ ግቢና በአንድ እድር የኖሩ ሰዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፤ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበትን ደጃፍ ያጣ አለ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የደረሰበትም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጋቢ ቃል ምን ሊሆን ይገባል? ዓለም ኃላፊ ናት፣ አገራችንም በሰማይ ነው ማለት እውነት ነው። ይሁን እንጂ እውነት የሆነ ቃል ሁሉ በማንም አፍ፣ ለማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት ሲነገር አያንጽም።

ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው በዚያው ሰፈር ታሪክ ውስጥ ነው። ካዛንቺስ፣ ቂርቆስና ኡራኤል ባለፉት 90 ዓመታት ሀብት ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር፣ ባለጠጎች ሲወድቁና አንድ የወንጌል አገልጋይ ለእምነቱ ሲሞት አይተዋል። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦ የሰማይ ተስፋ ክርስቲያን የራሱን ሀብት ሳይጨብጥ እንዲይዝ ያስችለዋል፤ የባልንጀራውን ኪሳራ እንዲያቃልል ግን ፈቃድ አይሰጠውም።

የሰፈሩ ሁለት ስሞች

“ካዛንቺስ” የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት በምሕጻረ ቃል “ኢንቺስ” ይባል ነበር። “ካዜ ኢንቺስ” ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር ካዛንቺስ ሆነ። ቤቶቹን ያስገነባው ገዢ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ግዛት የመሠረተ መስሎት ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ሄደ፤ በቤቶቹ ሌሎች ኖሩባቸው፤ ከእርሱ የተረፈው ስሙ ብቻ ሆነ። ጌታ በሉቃስ 12፥20 ለሞኙ ባለጠጋ ያቀረበለት ጥያቄ፣ ማለትም የተከማቸው ሁሉ ለማን ይቀራል የሚለው፣ በዚህ ሰፈር ስም ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ሁለተኛው ስም ከጥንት ሰማዕት የተወሰደ ነው። ቂርቆስ በዲዮቅልጥያኖስ የስደት ዘመን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሞተ ሕፃን ነው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት ኢየሉጣ ከመሳፍንት ወገን የሆነች ባለሀብት መበለት ነበረች፤ ስደት በተነሣ ጊዜ ንብረቷን ትታ ልጇን ይዛ ሸሸች። እኛ ወንጌላውያን ወደ ሰማዕታት አንጸልይም፤ ይሁን እንጂ የዕብራውያን መልእክት 12፥1 ከሚናገርላቸው ምስክሮች ጎን ታሪካቸውን ማሰብ የሁላችንም ርስት ነው። እንግዲህ በጎረቤትነት የቆሙት እነዚህ ሁለት ስሞች ሁለት ዓይነት የሀብት ታሪክ ይነግሩናል። አንደኛው ሊይዝ መጥቶ የተነጠቀውን፣ ሁለተኛው ሳይነጠቅ በፈቃዱ የተወውን ያስታውሰናል።

የቤተ መንግሥት ጎረቤት

ካዛንቺስ ከነጻነት በኋላ የከበሩ ጎረቤቶች አገኘ። ከበላዩ የአፄ ምኒልክ ግቢ ነበር። አጠገቡ የአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል መታሰቢያ የሆነው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሠራ። ከዚያ ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚያው አዳራሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በወሎ ሕዝብ በረኀብ ባለቀ ማግስት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ የረኀቡ ፊልም ከግብርና ከሠርግ ድግስ ምስል ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። ያንን ፕሮግራም ያቀናበሩት ሰዎች ፖለቲካዊ ዓላማ ነበራቸው፤ ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ተመልካች ሉቃስ 16ን፣ በደጃፉ የወደቀውን አልዓዛርንና በየቀኑ የሚደሰተውን ባለጠጋ ሳያስብ አይቀርም። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ግቢ ከወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገር ያስተዳደሩ ሰው መቃብር ለማግኘት 25 ዓመት ጠበቁ።

ከቂርቆስ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ “ዓለም በቃኝ” የሚባል እስር ቤት የነበረበት የከርቸሌ ግቢ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉባቸው 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ የተገደሉት በከርቸሌ ነው። ዛሬ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። የእስር ቤቱ ስም ልንቆምበት የሚገባ ነው። “ዓለም በቃኝ” መናኝ በገዛ ፈቃዱ የሚናገረው ቃል ነበር። እስር ቤቱ ያንኑ ቃል በሰዎች ላይ በግድ ጫነው። በፈቃድ ሲነገር የእምነት ቃል የነበረው፣ በሌላው ሰው ላይ ሲጫን የጭካኔ ስም ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ሐሳብ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሐምሌ 19 ቂርቆስና ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት መታሰቢያ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው በዚሁ ዕለት፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። በካዛንቺስና በቂርቆስ “የቀበሌ ቤት” የሚባለው ኑሮ የጀመረው እንዲህ ነው።

አዋጁን በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። በኪራይ ለተጨነቀ ድሀ እፎይታ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ሁለተኛ ቤት ለሠራ ሰው ደግሞ የልፋቱ መና መቅረት ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዚያው የለውጥ ወቅት ባወጣችው መግለጫ ለማኅበራዊ ፍትሕ ያላትን ድጋፍ ገለጸች፤ ነገር ግን የትኛውም ርእዮተ ዓለም የመጨረሻ ሥልጣን እንደሌለውና ፍጹም ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ አስታወቀች። ሀብት ጣዖት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ሀብትን የሚወርስ መንግሥትም ጣዖት ሊሆን እንደሚችል ቤተ ክርስቲያኒቱ ገና በማለዳው አይታ ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ኡራኤል

ያንን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ከቀረጹት ሰዎች ዋነኛው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችውና በእርሳቸው አመራር የተዘጋጀው ደብዳቤ፣ ወንጌልን ማወጅና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ተከራክሯል። ሰው ነፍስ ብቻ ወይም ሆድ ብቻ ተደርጎ ሊገለገል አይችልም፤ ሙሉ ሰው ነውና ሙሉ አገልግሎት ያስፈልገዋል። ይህ የቄስ ጉዲና ሥነ መለኮት እምብርት ነበር።

ደርግ በቤተ ክርስቲያን ላይ በጨከነ ጊዜ ቄስ ጉዲና ደጋግመው ታሰሩ። ወዳጆቻቸው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጅተውላቸው ነበር። እርሳቸው ግን 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ጠቅሰው፣ ክርስቶስ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ስለሆነ፣ መንጋቸውን በመከራ ሰዓት ትተው እንደማይሄዱ ተናገሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከካዛንቺስ አጠገብ ባለችው የኡራኤል መካነ ኢየሱስ አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ተያዙ። እርሳቸው ተገደሉ። ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ በዚያ ሌሊት ቢለቀቁም በኋላ እንደገና ታስረው 10 ዓመት ገደማ በእስር አሳለፉ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አስከሬንም በዚያው ዓመት ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ለሰማይ ተስፋቸው ሲሉ ለመሞት ያልፈሩት ሰው፣ ስለ ድሀው ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ክሊኒኩ አጥብቀው የጻፉት ያው ሰው ናቸው። የገዛ ሕይወታቸውን እንደ ቀላል ነገር ሲቆጥሩ፣ የሌላውን ሰው እንጀራ ግን እንደ ቀላል ነገር አልቆጠሩም።

ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 15

በቀብር ቦታዎቻችን ብዙ ጊዜ ከሚነበቡት ክፍሎች አንዱ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥1 ነው። ጳውሎስ ምድራዊው ድንኳናችን ቢፈርስ ከእግዚአብሔር የተሠራ ዘላለማዊ ቤት እንዳለን ይናገራል። ክፍሉ የሚናገረው ስለ ጭቃ ቤት ሳይሆን ስለ ሥጋችን ነው፤ ተስፋውም ሥጋን አውልቆ መራቆት ሳይሆን የሚሞተው በሕይወት እንዲዋጥ መልበስ ነው (ቁ. 4)። ስለዚህ ይህንን ቃል ቤቱ ለፈረሰበት ሰው “ምን ያስለቅስሃል?” ለማለት መጠቀም ክፍሉን ማጣመም ነው። ጳውሎስ ራሱ በዚህ ድንኳን ሳለን እንቃትታለን ብሏልና።

ከዚህም በላይ፣ ስብከታችን ከቁጥር 1 ተነሥቶ እስከ ቁጥር 10 ድረስ፣ ወደ ክርስቶስ የፍርድ ወንበር ይደርስና ይቆማል። ቄስ ጉዲና የቆሙበት ቁጥር 15 ግን የዚያው ሐሳብ ቀጣይ ነው። ዘላለማዊ ቤት ያለው ሰው ለራሱ ከመኖር ነጻ ወጥቷል። የሰማይ ተስፋ የሚለካው በመቃብር ዳር በምንዘምረው ብቻ ሳይሆን፣ ከቀብር መልስ ለማን እንደምንኖር ነው።

ዕብራውያን 10፥34ም ይህንኑ ያስተምራል። እነዚያ አማኞች የገዛ ንብረታቸውን ዝርፊያ በደስታ ተቀበሉ፤ ከእስረኞች ጋር ግን አብረው መከራ ተቀበሉ። በራሳቸው ኪሳራ ተጽናኑ፤ በሌላው መከራ አዘኑ። እኛ ብዙ ጊዜ ይህንን እንገለብጠዋለን፤ በራሳችን ኪሳራ እናዝናለን፣ በሌላው ኪሳራ እንጽናናለን።

ለስብከታችን የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ አንጻር በዘመናችን ሁለት ስብከቶች ሊመረመሩ ይገባል። አንደኛው የብልጽግና ወንጌል ነው። ይህ ትምህርት አዲስ ፎቅና አዲስ መኪና የእግዚአብሔር ሞገስ ማረጋገጫ ናቸው ይላል። ለዚህ ስብከት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና የኢንቺስ ቤቶች ታሪክ በቂ መልስ ነው። የሞኙ ባለጠጋ ጥፋት ጎተራ መሥራቱ አልነበረም። በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ደጋግሞ ስለ ራሱ ብቻ ያወራል፤ የሚመካከረውም ከራሱ ጋር ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እግዚአብሔርም ጎረቤትም የሉም።

ሁለተኛው ይበልጥ መንፈሳዊ የሚመስለው ነው። ሀብት ከንቱ ነው፣ ቤት ከንቱ ነው ይላል፤ የሚለው ግን ቤት ያለው ሰው ቤት ለሌለው ነው። ይህ “ዓለም በቃኝ”ን በሌላው ላይ መጫን ነው። ዕብራውያን 13፥14 በዚህ ጸንቶ የሚኖር ከተማ እንደሌለን ይናገራል፤ ከዚያ ሁለት ቁጥር ሳይርቅ ግን ማካፈልን እንዳንረሳ ያዝዛል። ከተማ ያልፋል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ከተማ ያለፈበትን ሰው ለመቀበል ከሁሉ ይልቅ እጁ የተፈታ ሊሆን ይገባዋል።

ለዚህ ተግባራዊ መፈተኛ የሚሆነን እድር ነው። እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በከተሞቻችን የተስፋፋ፣ ድሀውም ባለጠጋውም እኩል እያዋጣ በእኩል ድንኳን የሚቀበርበት ተቋም ነው። ወንጌላውያን በየቦታው ቀብር በተከለከሉበትና ከእድር በተገለሉበት ዘመን፣ ሬሳቸውን ይዘው የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ያውቃል። በኋላም ብዙ አጥቢያዎች የራሳቸውን እድር አቋቋሙ። ስለዚህ አብሮ የሚቀብር ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። አንድ ነባር መንደር ሲበተን ከግድግዳው ጋር ይህም ይፈርሳል። በአዲሱ መንደር የምትኖር አረጋዊት እናት ልጅ ቢሞትባት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሦስት ቀን አብሯት የሚቀመጥ ጎረቤት ገና ላይኖራት ይችላል።

ስለዚህ የመጋቢው የመጀመሪያ ሥራ አባሎቹ የት እንደ ሄዱ ማወቅ ነው። ስማቸውን መመዝገብ፣ ሩቅም ቢሆን መጠየቅ፣ በአዲሱ መንደር የጸሎት ቤተሰብ ማቋቋም፣ ከሌላ አጥቢያና ከሌላ ቤተ እምነት ጎረቤቶች ጋር እድር እንዲገቡ ማበረታታት ይገባል። በልማቱ ለከበሩ ምእመናን ደግሞ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17-19 በግልጥ ይሰበክ፤ ተስፋቸውን በሚያልፍ ባለጠግነት ላይ እንዳይጥሉ፣ ለማካፈልም የተዘጋጁ እንዲሆኑ ይታዘዙ።

ማጠቃለያ

ካዛንቺስን የሠራት ቅኝ ገዢ ሄዷል። የጎረቤቷ ቤተ መንግሥት ባለቤት አልፈዋል። ቤቶቹን የወረሰው ደርግም ወድቋል፤ የወረሳቸው ቤቶችም በተራቸው ፈርሰዋል። ነገ በዚያ ቦታ የሚቆመው ሕንፃም የራሱ ቀን አለው። ክርስቶስ ግን ከሙታን ተነሥቷል። ስለዚህ በጌታ የሆነ ድካም ከንቱ አይደለም (1ኛ ቆሮ. 15፥58)። የገዛ ቤታችንን በተመለከተ “ዓለም በቃኝ” ለማለት ጸጋ ይስጠን። የጎረቤታችንን ቤት በተመለከተ ግን ድንኳን ይዘን እንድረስ።