«የቅድሚያ ማሳወቂያ»፦ ላብራቶሪ የሚያስፈርመው ወረቀት

አሜሪካ ያሉ እናት አባቶቻችን ለደም ምርመራ ሲሄዱ አንዳንዴ አንዲት ገጽ ወረቀት ትቀርብላቸዋለች። የእንግሊዝኛ ስሟ «አድቫንስ ቤኔፊሸሪ ኖቲስ» ሲሆን ላብራቶሪዎች «ኤቢኤን» ይሏታል። እኛ «የቅድሚያ ማሳወቂያ» እንበላት። ሂሳብ መጠየቂያ አይደለችም፤ «ሜዲኬር ይህን ምርመራ ላይከፍል ይችላል፤ ካልከፈለ ዕዳው የእርስዎ ነው» የምትል ናት።

ሜዲኬር 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸውና ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ለሐኪም ቀጠሮ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶ ይከፍላል፤ ለተፈቀደ የላብራቶሪ ምርመራ ግን ምንም አይከፍልም። ላብራቶሪው በመንግሥት ተመን ይከፈለዋል፤ ከ2018 ጀምሮ ብዙዎቹ ተመኖች የግል መድን ድርጅቶች የሚከፍሉትን መሠረት አድርገው ይሰላሉ።

ችግሩ «የተፈቀደ» የሚለው ላይ ነው። በሽታ ሳይኖር ለቅድመ ጥንቃቄ የሚደረግ የኮሌስትሮል ምርመራ በየ5 ዓመቱ፣ የፕሮስቴት የደም ምርመራ (ፒኤስኤ) በየ12 ወሩ አንዴ ይሸፈናል። ለሌሎች ምርመራዎች ሐኪሙ የጻፈው የሕመም ምክንያት ወሳኝ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ በትእዛዙ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር ክፍያው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ወረቀቷ ስትመጣ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ ቢሮ መደወል ይሻላል፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ወረቀቷ ላይ ምርመራው፣ ላይከፈል የሚችልበት ምክንያትና የዋጋ ግምት ይሰፍራሉ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፦ ምርመራው ይደረግልኝ፣ ሜዲኬርም ይጠየቅ። ሁለተኛው፦ ይደረግልኝ፣ ራሴ እከፍላለሁ፣ ሜዲኬር አይጠየቅ። ሦስተኛው፦ አልፈልግም። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ሜዲኬር አልተጠየቀማ። አንደኛውን የመረጠ ግን ቢከለከል ውሳኔው በደረሰው በ120 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ሐኪሙ «ያስፈልጋል» ካለ በእኔ አስተያየት ምርጫው አንደኛው ነው።

የላብራቶሪው ሠራተኛ የምርጫውን ምልክት አስቀድሞ አድርጎ ማቅረብ አይፈቀድለትም። ላብራቶሪው ወረቀቷን መስጠት ሲገባው ሳይሰጥ ቀርቶ ክፍያው «አላስፈላጊ ምርመራ» ተብሎ ቢከለከል፣ ኪሳራው በአብዛኛው የራሱ ነው። በግል ድርጅት በኩል «ሜዲኬር አድቫንቴጅ» ያላቸው ደግሞ ይህች ወረቀት አትመለከታቸውም፤ መድኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሄዱ ልጆች፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ እማዬ» ከማለታችሁ በፊት ሦስቱን ምርጫዎች አንብቡላቸው፤ ቅጂውንም ተቀብላችሁ አስቀምጡ።