ራሱን የቆጠረው መነኩሴ

እስቲ ከራሴ ልጀምር። ሰንበት ትምህርት ቤት እያለሁ የቀሪዎችን ስም የምይዘው እኔ ነበርኩ። ደብተሩ የእኔ፣ እስክሪብቶው የእኔ፣ ሥልጣኑም የእኔ! ሦስት ጊዜ የቀረ ይመከራል፤ አራተኛ የደገመ ለበዓል ከመዘምራን ጋር አይሰለፍም። ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ የእኔ ስም አንድም ቀን እዚያ ደብተር ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ቀርቼ ስለማላውቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ በቀረሁ ቀን ደብተሩም አብሮኝ ይቀር ነበር።

ይህ ጉድ ከዓመታት በኋላ ትዝ ያለኝ አንድ የጋሞ መነኩሴ የጻፈውን ሳነብ ነው። አባ ባሕርይ ይባላል። ከ400 ዓመት በፊት እሱም የቀሪዎችን ስም ዝርዝር ይዞ ነበር። ልዩነታችን እሱ ራሱን አለመዝለሉ ነው።

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ አባያ ሐይቅን በስተቀኝ ይዛችሁ ወደ ሶዶ ስትጓዙ ብርብር የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። ከከፍታው ላይ ያለችው ብርብር ማርያም በደቡብ ኢትዮጵያ ካሉት ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። አባ ባሕርይን ከዚህችው ደብር ጋር የሚያያይዙት የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የጋሞ ሰው መሆኑን ግን ከራሱ ጽሑፍ እናውቃለን።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሪቱን አደቀቃት። እሱ ሳይሽር የኦሮሞ መስፋፋት መጣ። የክርስቲያኑ መንግሥት ወደ ሰሜን እያፈገፈገ ሄደ፣ ጋሞም ከቤተ መንግሥቱ እየተቆረጠ ቀረ። ግንኙነቱ እንደገና የጠበቀው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር ሲደርስ ነው። ባሕርይ ይህን መፈራረስ በወሬ የሰማ ሳይሆን አገሩ ላይ ሲደርስ ያየ ሰው ነው።

በአጼ ሠርጸ ድንግል ዘመን፣ በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ በግዕዝ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ጻፈ። ርእሷ ላይ ያለው የሕዝቡ መጠሪያ ዛሬ ስድብ ሆኖ የቀረ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። ጸሐፊው ከአንዱ ወገን ሆኖ፣ ልቡ ቆስሎ እንደጻፈ ማንም አንባቢ ይረዳዋል። ቢሆንም ነገዶቹን ከነቅርንጫፎቻቸው መዘገበ፣ በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቁትን የገዳ ሉባዎች በየስማቸው ዘረዘረ። ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ ሳይጠቅሱት አያልፉም። በ1893 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ታተመ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ሰብስበው ከአማርኛ ትርጉም ጋር አወጡልን።

እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው አካባቢ ያለው ክፍል ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ብዙ ነን፣ መሣሪያም አለን፤ ታዲያ እንዴት ተሸነፍን? ባሕርይ በጊዜው ይሰጥ የነበረውን አንድ መልስ ያስቀምጣል፦ «በኃጢአታችን ምክንያት እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው» የሚል። ይህቺን መልስ እናውቃታለን መቼም! ዛሬም በየመድረኩ አለች። «ሁላችንም በድለናል» ይባላል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የሁሉም የሆነ ጥፋት የማንም አይደለምና።

ባሕርይ እዚያ ላይ አላቆመም። ሌላ መልስ አስከተለ። ሕዝባችን በ10 ክፍል የተከፈለ ነው፤ ዘጠኙ ጦርነት ውስጥ አይገቡም፣ በፍርሃታቸውም አያፍሩም፤ የሚዋጋው አሥረኛው ብቻ ነው አለ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ጀመረ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁ፣ አዝማሪው ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ለመሆኑ አንደኛ ተራ ላይ ማንን ያስቀመጠ ይመስላችኋል?

መነኮሳትን! ሁለተኛ ደግሞ ደብተራዎችን፤ እያጨበጨቡና በእግራቸው መሬት እየመቱ ማኅሌት የሚቆሙትን። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ቆጠራውን ከቤተ ክርስቲያን ጀመረ። ይህም አልበቃውም። መነኮሳቱን ለሁለት ከፈላቸው። አንዳንዶቹ ገና በልጅነታቸው፣ በትምህርት ላይ ሳሉ መነኮሳት ስበዋቸው የመነኮሱ ናቸው። ሌሎቹ ጦርነት ፈርተው ቆብ የደፉ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ምሳሌ ሲፈልግ ማንን ጠራ? ይህን ታሪክ የጻፈውን ሰው። ራሱን!

መነኩሴ ጦር ይያዝ ማለቱ ነው ብላችሁ አትሩጡብኝ። የመነኩሴ ሥራው ጸሎት ነው፣ ያንን ከእኔ በላይ እሱ ያውቀዋል። ያየው ሌላ ነገር ነው፤ አገልግሎት መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል። አንዱ ቆቡን የደፋው ተጠርቶ ነው፣ ሌላው ከአንድ ነገር ሸሽቶ ነው። ከውጭ ላየ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቆብ ነው የደፉት። ልዩነቱን የሚያውቀው ባለቤቱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

እኛስ? ዕቃ ማጠብ ሲመጣብን መዝሙር ጥናት የሚናፍቀን ስንቶች ነን? ፈተና ሲደርስ ለአገልግሎት የምንተጋ፣ ሥራ ቦታ አርፍደን «ጉባኤ ነበረብኝ» የምንል፣ ያበደርነን ሰው ሲጠይቀን «አገልጋይ ሰው እንዲህ ይጨቀጨቃል?» ብለን የምንቀየም? ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ጋ ያው ነው። መድረኩ ይለያያል እንጂ መሸሸጊያነቱ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ጋሞዎች ለረጅም ጊዜ ያቆዩት አንድ ቃል አለ፦ ጎሜ። የአባቶችን ሥርዓት መጣስ ማለት ነው። ጣጣው በጣሰው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ማሳውን፣ መንደሩን ይነካል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ መከራ ሲመጣ ምን ተደርጎ ነው ተብሎ ይፈተሻል፣ ያጠፋውም ወጥቶ ይናገራል። «የግሌ ጉዳይ ነው» የሚባል ማምለጫ የለም። እምነቱን ተቀበሉትም አልተቀበላችሁትም፣ ጥፋትን በስሙና በባለቤቱ መጥራት ለጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም።

«እሺ፣ ራሴን ልቆጣጠር፤ ይበቃል?» ካላችሁ ወደ ዶርዜ እንውጣ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ መንገድ። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት እዚያ ኖሮ ሲያጠና አንድ ነገር ሰማና በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስገባው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው ይላሉ፤ ጾም ያከብራል፣ ረቡዕና ዓርብ አይገድፍም። ስፐርበርን የገረመው ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን ተጠንቅቀው መጠበቃቸው ነው።

ስፐርበር ከዚህ ተነስቶ ስለ ሰው እምነትና ስለ ምሳሌያዊ አስተሳሰብ ብዙ ተፈላስፏል። እኔ ግን የገንዘብ ያዥነት መመሪያ አድርጌ ወስጄዋለሁ። ነብሩም ይጹም፣ በረቱም ይዘጋ! ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብቻውን የሚቆጥር ሰው ጻድቅ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሦስት ሆኖ መቁጠርና በደረሰኝ ማስገባት እሱን መጠርጠር አይደለም፤ ከፈተናም ከሐሜትም ያድነዋል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቃለ ዐዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው የደብሩን ሥራ እንዲመሩ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ሒሳብ ሲጠየቅ «እንዴት ትጠረጥሩኛላችሁ?» የሚል አገልጋይ የዶርዜን ነብር ያህል እንኳ ትሕትና የለውም። ነብሩ በረት ተዘጋብኝ ብሎ አኩርፎ አያውቅም።

ራስን መግዛትና መጠበቅ እርስ በርስ አይተካኩም። ባሕርይ ማንም ሳያስገድደው ራሱን ቆጠረ፤ ያ የውስጡ ሥራ ነው። የዶርዜው እረኛ ነብሩን እያመነ በረቱን ዘጋ፤ ያ ደግሞ የማኅበር ሥራ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይቆምም።

ወደ ደብተሬ ልመለስና ልጨርስ። ከዓመታት በኋላ ያንን ደብተር ከአሮጌ መጻሕፍት መሃል አገኘሁት። የስንቱን ልጅ ስም በቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ! አንዱ እናቱ ታማ ሆስፒታል ያድር እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ሳልጠይቀው ነበር የከበብኩት። ገጹን ገልብጬ በመጨረሻው ወረቀት ላይ የራሴን ስም ጻፍኩና ከበብኩት። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ደብተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ።

ዛሬ በየደብሩና በየአጥቢያው የቀሪ ስም የምትይዙ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ደብተራችሁን አንድ ጊዜ ግለጡት። የማን ስም ነው የሌለው?