ስሙ የተለወጠ በረሃ

የካሊፎርኒያን የኮሎራዶ በረሃ ታሪክ ስንመረምር፥ ሰፋሪ ከመጠራቱ አስቀድሞ የአገሩ ስም ሲለወጥ እናያለን። በረሃ መባሉ ገበሬን የሚያስፈራ ስለ ሆነ፥ መሐንዲሱ ጆርጅ ቻፊ «ኢምፔሪያል ቫሊ» አሰኘው፤ ይኸውም የንጉሠ ነገሥት ሸለቆ ማለት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ በቦይ ደረሰ። መሬቱ የመንግሥት ሲሆን፥ ኩባንያው የሚሸጠው የውሃውን መብት ነበር። ማስታወቂያውን ያመኑ ብዙ ሺህ ሰዎች ሰፈሩ፤ አዝመራውም ያማረ ሆነ።

ነገር ግን ቦዩን ደለል በሞላው ጊዜ፥ ኩባንያው መዝጊያ የሌለው አዲስ መግቢያ ከወንዙ ቀደደ። በ1905 ጐርፍ መጥቶ ቀዳዳውን አሰፋው፤ ወንዙም እስከ 1907 ድረስ ወደ ሸለቆው እየፈሰሰ እርሻ አጠፋ፥ የሳልተንንም ባሕር ፈጠረ። ሰፋሪዎቹ በ1911 የራሳቸውን የመስኖ አስተዳደር አቋቋሙ። ከዚህም የምንማረው፥ የመስኖ መሬት እውነተኛ ጌታ የውሃውን በር የያዘ መሆኑን ነው።