ጉርድ

«ጉርድ» የመጣው «ጎረደ» ከሚለው ግስ ነው፤ ተቆርጦ ያጠረ ማለት ነው። ከወገብ በታች የሚለበሰው ጉርድ ቀሚስ ነው፤ ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳየውም ጉርድ ፎቶ።

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ለመታወቂያና ለፎርም ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 3 በ 4 ጉርድ ነው። ፊት ለመለየት ይበቃል። ለሀዲያው የያሆዴ ወይም ለከምባታው የመሳላ በዓል፣ ዘመድ አዝማድ ከያለበት ሲሰባሰብ ግን ያው አቆራረጥ ያሳዝናል፤ የበዓል ልብሱም የእናት እጅም ከምስሉ ውጭ ይቀራሉ።

መጉረድ ቦታ ይመርጣል።

ክርን፣ የእጅ አንጓ ወይም ጉልበት ላይ ሲቆረጥ አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ ከጭን መሃል ወይም ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሆን ያምራል። ዓይኖቹ ከምስሉ ቁመት የላይኛው ሲሶ መስመር አጠገብ ቢያርፉ ይመረጣል። ብርሃኑም ይታሰብበት፤ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል፣ ተነሺውን በረንዳ ጥላ ውስጥ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ማስቀመጥ ይበጃል።