የኢሊኖይ ሴናተርና የ1998ቱ ሕግ

በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ የጥቂቶቹ ወገን ሆኖ ሕግ ማውጣት ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ ሚስተር ባራክ ኦባማ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው አስቀድሞ በኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ሆነው ያሳለፉትን ዘመን ቢመረምር ይጠቅመዋል።

ሚስተር ኦባማ በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በግዛቲቱ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ ወንበራቸውን ሲይዙ፣ በሴኔቱ የሚበዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩና ዴሞክራቶች የሚያቀርቡት ረቂቅ ብዙውን ጊዜ በኮሚቴ ተቀብሮ ይቀር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ እንደራሴ ለምርጫው የተዋጣለትን ገንዘብ፣ ግብሩን እስከ ከፈለበት ድረስ፣ ለግል ኑሮው ቢያውለው የሚከለክለው አልነበረም።

በ1998 ይህን ልማድ የሚያስቀር፣ ለሹማምንት የሚሰጠውንም ስጦታ የሚገድብ ረቂቅ ተሰናዳ። ድርድሩን ከሁለቱ ምክር ቤቶችና ከሁለቱ ፓርቲዎች የተውጣጡ አራት እንደራሴዎች ሲመሩ፣ በዴሞክራት ሴናተሮች በኩል የተመደቡት አዲሱ ሰው ሚስተር ኦባማ ሆኑ። ባልደረቦቻቸው ነገሩን አልወደዱላቸውም፤ ከኪሳቸው የሚወጣ ነውና አያስደንቅም። ሕጉ በሴኔቱ በ52 ድምፅ ድጋፍና በ4 ተቃውሞ አለፈ። ነገር ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ይኸውም እስከ ጁን 30 ቀን 1998 የተጠራቀመውን ገንዘብ ነባሮቹ እንደ ቀድሞው ለግላቸው እንዲያደርጉት ተፈቀደ። ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸውን ነፃ አውጥተው የሚመጡትን አሰሩ ማለት ነው። ያለዚህ አንቀጽ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ከወዴት ይገኝ ነበር?

በግብርም ነገር እንዲሁ ጥቂት በጥቂት ነበረ። የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የገቢ ግብር በአንድ መጠን እንዲከፈል ስለሚያዝ፣ ባለጸጋውም ድኻውም ከመቶ 3 ይከፍሉ ነበር። በ2000፣ ሚስተር ኦባማ በደገፉት ሕግ፣ አነስተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች የፌዴራሉ መንግሥት ከሚሰጠው የግብር ቅናሽ 5 በመቶ የሚያህል ተጨመረላቸው፤ ዳሩ ግን ከሚከፍለው ግብር የሚተርፈው ቅናሽ ለሠራተኛው አይመለስለትም ነበር። ይህ የታረመው ዴሞክራቶች ሴኔቱን በያዙበት በ2003 ነው።

የ1998ቱ ሕግ ለምርጫ መዋጮ መጠን ወሰን አላበጀም። ወሰኑ የመጣው በ2009 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ሚስተር ኦባማ የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ በፈጸሙ በዘጠነኛው ቀን፣ የኢሊኖይ ገዥ ሮድ ብላጎዬቪች በሴኔቱ ፍርድ ከሥልጣን ተሻሩ። ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሚስተር ኦባማ በዋሽንግተን የለቀቁትን የሴናተርነት ወንበር ሊሸጡ ሞክረዋል የሚል ነበር።