ነዋሪ ግብርና፤ ስለ ፐርማካልቸርና ስለ ሕንፃው

«ፐርማካልቸር» የሚባለው ቃል የተገኘው ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ ባለችው ደሴት በታዝማንያ ነው። የዩኒቨርስቲ መምህር የነበረው ቢል ሞሊሰንና በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሆልምግሬን፣ በየዓመቱ ምድሪቱን እየገለበጠ ለምነቷን በሚያራቁተው እርሻ ፈንታ፣ ዛፉና ቁጥቋጦው፣ እንስሳውና ውሃው እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ ጸንተው የሚኖሩበትን የግብርና ሥርዓት አስበው፣ «ቋሚ» እና «እርሻ» የሚል ትርጓሜ ያላቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምረው ስም አወጡለት፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ ስም የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት ሥር ነበረው፤ አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ኤፍ. ኤች. ኪንግ የቻይናን፣ የኮርያንና የጃፓንን ገበሬዎች ጎብኝቶ፣ ለአርባ ምእት ዓመታት ሲታረስ የኖረ መሬት እንዴት ለምነቱን እንደ ጠበቀ የሚያስረዳው መጽሐፉ በ1911 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ «ቋሚ እርሻ» የሚለው ሐረግ በርእሱ ላይ ሰፍሮ ነበር።

ለዚህ ቃል በአማርኛ «ነዋሪ ግብርና» ብንለው የተስማማ ይመስለኛል። «ዘላቂ ግብርና» የሚለው ስም ከዚህ ይልቅ ሰፊ ለሆነ ሌላ ሐሳብ ተይዟል። ነዋሪ ማለት ግን «ለዘለዓለም ነዋሪ» እንደሚባለው ጸንቶ የሚቆይ ማለት ነው፤ ደግሞም በአንድ ስፍራ ጎጆ ቀልሶ የሚኖረውን ሰው ይጠራበታል። ግብርናም ከግእዙ «ገብረ» የወጣ በመሆኑ ማረስን ብቻ ሳይሆን ማድረግንና መሥራትን ሁሉ ያመለክታል። ሞሊሰንና ሆልምግሬን ራሳቸው ቃሉን ኋላ ላይ ከእርሻ አሳልፈው ለመላው የሰው ኑሮ ስላሰፉት፣ ቤት ማነጽም ከዚህ ስም ውጭ አይቀርም።

ትምህርቱ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ ምድርን መጠበቅ፣ ሰውን መንከባከብ፣ ከሚበቃ በላይ የሆነውን ለሌላው ማካፈል። ስለዚህ ጎጆ፣ የዶሮ ቤት ወይም የውሃ ማቆሪያ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ይህ ዕቃ ከየት መጣ፣ ሕንፃውስ ባረጀ ጊዜ ወዴት ይገባል የሚለውን ነው። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ሣር፣ ቀርከሃና እንጨት ከቅርብ ተገኝተው ወደ ምድር ይመለሳሉ፤ የማይመለሰውን ደግሞ፣ ጎማውንና ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና በርሜሉን፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ከተጣለበት ማንሣት ይገባል። አርክቴክቱ ማይክል ሬይኖልድስ በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮዋ ታኦስ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ አፈር እየጠቀጠቀ ግድግዳ አድርጎ ቤቶችን ሠርቷል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበውን ብረታ ብረትና ጣሳ ቀጥቅጠው ምድጃና ሌላም ዕቃ የሚያወጡት ሰዎች ግን ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ እኔም ከሊቃውንቱ ተርታ እቆጥራቸዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ጭቃ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ጭቃን ከገለባ ጋር ረግጠው፣ ያለ እንጨት፣ ከአንድ ክንድ በሚበልጥ ውፍረት እየደራረቡ ያቆሟቸው ቤቶች ብዙ መቶ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። የአገሩም ሰዎች፣ የጭቃ ግድግዳ መልካም ባርኔጣና መልካም ጫማ ይሻል ይላሉ፤ ባርኔጣው ከግድግዳው ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ፣ ጫማው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ነው። በእኛ አገር ግን ጣራውን የሚሸከመው እንጨት ነው፤ ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት የቦካ ጭቃ ይመረጋል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ጭቃውን አጥብቆ ያያይዘዋል፣ ሲደርቅም እንዳይሰነጠቅ ይከለክለዋል። የዚህ ቤት ድካሙ ከእግሩ ላይ ነው፤ ቋሚው በመሬት ውስጥ ስለሚቀበር ርጥበትና ምስጥ ያገኘዋል፣ ግድግዳው ገና ጤነኛ ሳለም ቤቱ ይዘማል። አባቶች ለቋሚ ወይራና ጥድ ይመርጡ የነበረው ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍራቸው ነው፤ ዛሬ ብዙው ቤት የሚቆመው በባሕር ዛፍ ስለ ሆነ፣ የድንጋዩ መሠረት ከቀድሞው ይልቅ ግድ ሆኗል።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስን ሰው ቤቱን ያጸና ይመስለዋል። ሲሚንቶው ግን ሲሰነጠቅ የገባውን ውሃ መልሶ አያስወጣውም፤ ርጥበቱም በውስጥ ታፍኖ ጭቃውን ያላላዋል፤ በዴቨንም አሮጌ ቤቶች በዚህ ምክንያት ተጎድተዋል። ኖራ ርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያነጹ ጠቢባንም ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነበር። ኖራ ለማይገኝለት ሰው እበትና ጭቃ ቀላቅሎ ክረምት በወጣ ቁጥር መለቅለቅ ይበቃዋል፤ የእበቱንና የአፈሩን ልክ እንደየአገሩ አፈር ለይተው የሚያውቁት በገጠር ያሉ እናቶች ስለ ሆኑ፣ ቤት ሊያንጽ የተነሣ ወጣት ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እነርሱን ይጠይቅ።